ካርዱን መጨረሻ ግዙ፦ የቤት ማይኒንግ ኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ

ደብረ ማርቆስ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ አንድ ጠዋት ቡና ላይ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ያ ሌሊቱን ሁሉ የሚያጓራው ነገር ምን ይፈጫል?»

«ቁጥር ነው የሚፈጨው፣ እማማ።»

«ዱቄቱስ?»

መልስ አጣሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያች ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ስለምጠግን አልፎ አልፎ አንዱ ወጣት ይመጣና «ማይኒንግ ማሽን ልገጣጥም ነው፤ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ይለኛል። ማይኒንግ ማለት ኮምፒውተር ቀን ከሌት ስሌት እየሠራ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ (ኮይን) የሚያገኝበት ሥራ ነው። የወጣቱ ጥያቄ ግን ከጅራቱ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የሚታየው የቤቱ መስመር ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ፤ ለማሽኑ ዕቃዎች መብራት የሚያከፋፍለው ሣጥን። ስሌቱን የሚሠራው ካርድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኔ በተቃራኒው ጀምሬ ዋጋዬን አግኝቻለሁ፤ እናንተ አትድገሙት።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትፈጩ ወስኑ

ቢትኮይንን ከሐሳባችሁ አውጡት። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ሲጀመር በተራ ፕሮሰሰር ይሠራ ነበር። ቆየት ብሎ ግራፊክስ ካርድ ፕሮሰሰሩን በለጠው። ከዚያ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ፣ አሲክ የሚባሉ ማሽኖች መጡና ሁሉንም ጠራርገው አስወጡ። አንትማይነር ኤስ19 የሚባለው አሲክ ብቻውን ወደ 3,250 ዋት ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው፤ ያውም ቀን ከሌት የማይነቀል ምጣድ። ጩኸቱ ደግሞ ከጎረቤት ያጣላል። እሱ የትልልቆቹ ድርጅቶች ሥራ ነው። ለአንድ ብሎክ (ለአንድ የግብይት መዝገብ ገጽ) የሚሰጠው ሽልማትም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል።

የግራፊክስ ካርድ ወርቃማ ዘመን ኢቴሪየም የሚባለው ሌላ ኮይን ዘመን ነበር። ኢቴሪየም ግን መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማይኒንግን ጨርሶ ተወው። አሁን ለካርድ የቀሩት እንደ ራቨንኮይን፣ ኢቴሪየም ክላሲክና ኤርጎ ያሉ ናቸው። ሞኔሮ ከኅዳር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ራንደምኤክስ በሚባል ስሌት ስለሚሠራ ከካርድ ይልቅ ለፕሮሰሰር ያደላል።

እንግዲህ ዱቄቱ ትንሽ ነው። በቤት ቆጣሪ ሲሆን አንዳንዱ ወር ጭራሽ ኪሳራ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ማይኒንጉ ቢቀር ሌላ ሥራ የሚሠራ ማሽን ግጠሙ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ነገ ከእናንተ እንዳለ ሊገዛው የሚችል ማሽን። ከዚህ በታች ያለው ምርጫዬ ሁሉ በዚህ ሐሳብ የተቃኘ ነው።

የሕጉንም ነገር አትዝለሉት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንዲህ ባለው ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በዚያው ዓመት ክረምት በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠይቋል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ወደ ቆጣሪው ሂዱ

ማሽኑን የምታስቀምጡበት ክፍል ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሚመጣ እወቁ። ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱ መጥፋቱን እዩ፤ በቃ ይሄው ነው። ብሬከሩ ላይ 10 አምፔር ከተጻፈ፣ 10 በ220 ሲባዛ 2,200 ዋት ነው። ግን ያ ጣሪያው ነው። ማይኒንግ ለደቂቃ ሳያርፍ የሚሠራ ጭነት ስለሆነ ከ80 በመቶው አትለፉ፤ 1,760 ዋት። ከዚሁ መስመር ላይ ፍሪጅና የውኃ ማፍያ ካለ ደግሞ ቀንሱ።

ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። የድሮ ቤት ላይ ከአምፖል መስመር ተቀጥሎ የወረደ ሶኬት ሞልቷል። የአምፖል ሽቦ 1.5 ነው፤ ለሶኬት የሚገባው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ለማሽኑ ብቻ ከማከፋፈያው የተለየ 2.5 መስመር ማስሳብ ከካርድ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑን እግረ መንገዱን ኧርዝ (የመሬት መስመር) እንዲያይላችሁ ጠይቁት። የብረቱን ሳጥን በእጃችሁ ጀርባ ስትዳስሱት የሚነዝር ከሆነ ኧርዝ የለም ማለት ነው። እንደዚያ ሆኖ አትጀምሩ።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። የኛ ግቢ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ምጣድ ይጣዳል። መልቲሜትር ይዤ ስለካ ሌሊት 221 የነበረው ቮልቴጅ 187 ላይ ተገኘ። እናንተም ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዴ ሌሊት፣ አንዴ ሰፈሩ እንጀራ ሲጋግር። ቮልቴጅ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል። ያኔ ሽቦው ይሞቃል። ደካማው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ድርግም ይላል።

ሦስተኛ፦ ፓወር ሰፕላይ

እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። ከማሽኑ ውስጥ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ የሚሞተው እሱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ካርድ ልታስገቡ አስባችኋል እንበል፤ እያንዳንዱ 200 ዋት። 600 ሆነ። ለማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ዋና ሰሌዳ)፣ ለፕሮሰሰርና ለፋን 100 ጨምሩ። 700። ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ እስከ ጥግ ተጭኖ እንዲሠራ ስለማይፈለግ 700ን ለ0.8 አካፍሉት። 875 ይመጣል። ስለዚህ 1,000 ዋት ትገዛላችሁ። 850ም ካርዶቹን ዝቅ አድርጎ ለሚያሠራ ሰው ይበቃል፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

80 ፕላስ ጎልድ የሚል ምልክት ያለውን ፈልጉ። ጎልድ ከግድግዳው ከሚወስደው ወደ 90 በመቶውን ለማሽኑ ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። 700 ዋት ለማድረስ ከሶኬቱ 780 ገደማ ይስባል ማለት ነው። በቀን 18.7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 560 ገደማ። እማማ በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋግሩ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ማሽናችሁ የዘጠኝ ቤት እንጀራ ያህል መብራት ይበላል። የቤት ታሪፍ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ሒሳቡን ስትሠሩ የዛሬውን ደረሰኝ ዋጋ ሳይሆን ማሽኑ ሲጨመር የምትገቡበትን ደረጃ ዋጋ ያዙ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይሻላል፤ ከምጣድ ጋር ይኖራል። ከ200 እስከ 240 ብቻ የሚለው ግን ቅዳሜ ጠዋት ያሳፍራችኋል። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ። «1,000 ዋት» የሚል ተለጥፎበት እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀል ዕቃ ካያችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ገመዶቹን ቁጠሩ። ለካርድ የሚሆነው ባለ 6 ፒን 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያቀብላል። ሦስት ካርድ እያንዳንዱ አንድ ባለ 8 ከፈለገ ሦስት ባለ 8 ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ መውጣት አለበት። በመቀጠያ ማባዛት የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ካርድን ከማዘርቦርዱ አርቆ ለማስቀመጥ ራይዘር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ትጠቀማላችሁ፤ እሱም የራሱ መብራት ይፈልጋል። አብሮት የመጣው ገመድ የሳታ ነበር፤ የሃርድ ዲስኩ ጠፍጣፋ ገመድ። አየሁት፣ ገጠመ፣ ሰካሁት። ካርድ በራይዘር በኩል እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል፤ የሳታ መሰኪያ የሚችለው 54 ዋት ነው። አራተኛው ሌሊት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። መሰኪያው እንደ ሻማ ቀልጦ ከራይዘሩ ጋር ተጣብቋል። ካርዱ ተረፈ፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ራይዘርን በባለ 6 ፒን ገመድ ብቻ መግቡ። የሳታ መቀጠያውን በዚያው ቀን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ካስቀመጣችሁት አንድ ቀን ትሰኩታላችሁ።

አራተኛ፦ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም

ይሄ ቶሎ ያልቃል። 13 ካርድ የሚይዘው አስሮክ ኤች110 ፕሮ ቢቲሲ ፕላስ ዓይነት ለማይኒንግ ብቻ የተሠራ ማዘርቦርድ አለ። ተዉት፤ ነገ ማንም አይገዛችሁም። ሦስት አራት የካርድ ማስገቢያ ያለው መደበኛ ሰሌዳ ይበቃል። ለማይኒንግ ትንሿ ማስገቢያም ትሠራለች፤ የሚተላለፈው ዳታ ጥቂት ነው። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ «አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚል ምርጫ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ። እሱ ከሌለ ሦስተኛው ካርድ ላይ ስትደርሱ ማሽኑ አልነሣም ሊል ይችላል።

በካርድ ለሚሠራ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮንም ቢሆን ግድ የለም። ሞኔሮ ላይ ካሰባችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ራንደምኤክስ ለእያንዳንዱ ትሬድ (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ለሚያስኬደው ሥራ) 2 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ይፈልጋል። ራይዘን 9 3900ኤክስ 64 ሜጋባይት ካሽና 24 ትሬድ አለው፤ ለሁሉም ይበቃል። ለኔ ምርጫው ይሄ ነው፤ ያው ፕሮሰሰር ቪዲዮ ኤዲት ላይም አያሳፍርም። እንደዚያ ከሆነ ራም ሁለት ፍሬ አድርጋችሁ በጥንድ ስኩ።

ራም 8 ጊጋ ለማይኒንግ፣ 16 ለሁለቱም ሥራ። ኤስኤስዲ 240 ጊጋ። ዊንዶውስ ከተጠቀማችሁ ቨርቹዋል ሜሞሪውን (ከዲስኩ ተቆርሶ እንደ ራም የሚያገለግለውን ቦታ) የካርዶቹ ሜሞሪ ድምር ያህል አድርጉት፤ ሦስት ባለ 8 ጊጋ ካርድ ከሆነ 24 ጊጋ። ኢንተርኔቱ የሚፈጀው ጥቂት ነው፤ እንዳይቆራረጥ እንጂ ፍጥነቱ አያሳስብም።

አምስተኛ፦ አሁን ካርዱ

ሦስት ነገር ብቻ እዩ፤ ሜሞሪ፣ ዋት፣ ታሪክ።

ሜሞሪው ከ8 ጊጋ አይነስ። እነዚህ ኮይኖች ካርዱ ላይ የሚጭኑት ዳታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ይሄዳል። ባለ 4 ጊጋዎቹን ከጨዋታ ያስወጣቸው ይኸው ነው። ዋትን በተመለከተ የፋብሪካውን ልክ እወቁ፤ አርኤክስ 580 185 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ቲአይ 200 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 125 ዋት ነው። የመጨረሻው ግን 6 ጊጋ ብቻ ስለሆነ እኔ አልገዛውም። አርኤክስ 580 በግዢ ይረክሳል፣ በመብራት ይወደዳል። 3060 ቲአይ ገዝቼ የኃይል ገደቡን ወደ 130 ዋት ሳወርደው ሥራው ብዙም አልቀነሰም። ሦስቱን በዚህ ብታስኬዱ ወርኃዊው 560 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 390 ይወርዳል። 850 ዋት ይበቃል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ታሪክ የምለው ያገለገለ ካርድን ነው። አዲስ ከገዛችሁ ይህን ዝለሉት። እኔ የመጀመሪያውን 580 የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ሻጩ ሰክቶ የዊንዶውስን ምስል አሳየኝ፤ «ይኸው ይሠራል!» አለ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ነው፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። 300 ኪሎ ሜትር ተጉዤ፣ በረሃውን ወርጄ ወጥቼ ማርቆስ ገባሁ። ሥራ ሲጀምር በሰባተኛው ደቂቃ ጥቁር ስክሪን። ልመልሰው አስቤ የትራንስፖርቱን ሳሰላው ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ካርዱን ወደ ብርሃን አወጣና የብሎኖቹን ራስ አያለሁ። ከተቧጨረ ተፈትቷል። መፈታቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሻጩ «ተነክቶ አያውቅም» ካለኝ ግን ሌላውንም አላምነውም። ቀጥሎ በጎን በኩል በሰሌዳውና በብረቱ መሐል አሾልቄ አያለሁ። ሙቀት ማስተላለፊያው ፓድ ሲያረጅ ቅባት ያልባል፤ የተነካካ ቅቤ ይመስላል። ሰሌዳው የሆነ ቦታ ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ እዚያ ጋ ለረጅም ጊዜ ነድዷል። አሸትተዋለሁ፤ የተቃጠለ ዕቃ ሽታ በአልኮል አይጠፋም። ፋኑን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ዝም ብሎ ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ከተንገጫገጨ ወይም ግራ ቀኝ ከተወላገደ ዋጋው ላይ ፋን ይቀነስልኛል።

ከዚያ በፍላሽ የያዝኩትን፣ የካርድን መረጃ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም እከፍታለሁ። የ580 ሼደር (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያ) ብዛት 2304 ነው። 2048 ካለ ደከም ያለው ወንድሙ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው አይቆጠርም። የሜሞሪውም መጠን እዚያው ይታያል። በመጨረሻ 30 ደቂቃ በሙሉ ጭነት አስኬደዋለሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሰዓት የለኝም» ካለ እኔም ብር የለኝም። የቺፑ ሙቀት ከ80 ዲግሪ አልፎ እየወጣ ከሄደ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ትቼው እሄዳለሁ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በዝቅተኛ ዋት ተረጋግቶ የሠራ፣ ጌም ላይ ሲሞቅ ሲበርድ ከኖረው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስድስተኛ፦ ቦታና አየር

«ማርቆስ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ግማሹ ልክ ነው። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ይቀላል፤ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ስለሆነች አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ይሞቃል። ሁለቱም ጋ ፋን አትቆጥቡ።

ሣጥን ውስጥ ሦስት ካርድ አታጭቁ። አናጢ ዘንድ ሄዳችሁ ክፍት ማቀፊያ በባሕር ዛፍ ጣውላ አሠሩ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ካርዱን ይጎትተዋል። በካርድና በካርድ መሐል አራት ጣት ይግባ። ማዘርቦርዱ ጣውላው ላይ እንዳይተኛ በፕላስቲክ እግር ከፍ ይበል። በዙሪያው ወንፊት ሽቦ ምቱበት፤ አይጥ ሞቅ ያለ ቦታ ትወዳለች፣ ገመድም ትበላለች። ይህን ቀልድ የመሰለው ሰው የኔን የኔትወርክ ገመድ ይይ።

ማድ ቤት አጠገብ አታስቀምጡ፤ ጭስ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ ፋኑ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። በውቂያ ሰሞን ገለባው ስለሚበን በየሳምንቱ በብሩሽ ማጽዳት አለ። በሌላው ጊዜ በወር አንዴ ይበቃል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ንቀሉ፤ የኔትወርኩንም ገመድ ጭምር። ማጥፊያውን መጫን መብረቅ አያቆምም።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚሆነውንም አስቡበት። ተራ ዩፒኤስ ይህን ጭነት አይችልም፤ ለራውተሩ ብቻ ይሁን። ለማሽኑ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያቀብል የቮልቴጅ መከላከያ ግዙ፤ ለፍሪጅ የሚሸጠው ዓይነት ሆኖ አምፔሩ ለጭነታችሁ የሚበቃውን። ባዮሱ ላይ ደግሞ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሣ አድርጉ።

ሰባተኛ፦ አንድ ካርድ ብቻ አስነሡ

ሁሉንም ገጥማችሁ በአንዴ አታብሩ። በአንድ ካርድ አንድ ሙሉ ቀን አስኪዱ። በየሰዓቱ ሶኬቱን፣ መሰኪያውንና ገመዱን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ሙቀት ግን የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው።

ደብተር ያዙ። ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ አጠገቡ ያን ቀን የገባውን ኮይን። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን በብር መንዝሩና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የኔ ደብተር ሦስተኛው ወር ላይ መብራቱ በልጦ ስለተገኘ ሁለቱን ካርድ ሸጥኩ። የቀረው አንዱ ቀን ቀን ቪዲዮ ይሠራል። እማማም የልጃቸውን ሰርግ ቪዲዮ በሱ ካሠራሁላቸው ወዲህ ስለ ዱቄቱ አልጠየቁኝም።